አማቷን ጥሪልኝ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት የጤና ጣቢያው ልጆች ሻይና ዳቦ አሰናድተው፣ አንድ ወፍራም ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «ሲስተር ዘነበች፣ ለእኛ ለጀማሪዎቹ አንድ ምክር ይስጡን» አሉኝ። ስንት የሚባል ነገር ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ይኸ ነው፦ «ለምታጠባ እናት መድኃኒት ስትሰጡ፣ አማቷን ጥሩ።»

ሳቁ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ባለፈው ጥር የተዳረችው፣ «ኧረ ሲስተር፣ የእኔዋ ሳትጠራም ትመጣለች!» ብላ ሳቁን አባሰችው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ውዳሴዬን ከደገምሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የሳቁበት ቃል የእኔ አይደለም፤ የአለቃዬ የሲስተር ወይንሸት ቃል ነው። ከየት እንደ መጣ ካልነገርኋቸው ቀልድ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ የሥራ ዘመኔን ብጽፍ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ሌላው፣ የደመወዙ መዘግየት፣ የዝውውሩ ደብዳቤ፣ የስብሰባው ብዛት የማንም ሠራተኛ ታሪክ ነው።

እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ። ዝናቡ የማያባራ፣ ዛፉ ሰማዩን የሚጋርድ አገር ነው። የጤና ረዳትነት ትምህርቴን የጨረስሁት በደርግ ዘመን ነው፤ ምደባው በዕጣ ነበር። እጄን ሰድጄ ያወጣኋት ቁራጭ ወረቀት «መንዝና ግሼ» ትላለች። አባቴ፣ «ብርዱ ያስለቅሳል ይባላል፤ ግን ታቦት የበዛበት አገር ነው፣ አይክፋሽ» አለኝ። እናቴ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ይቺን እንዳታወልቂ፤ ሌላው ያልፋል» አለችኝ። አላወለቅሁም። ማተብ ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ በጎሪጥ በሚታይበት ጊዜ የሸሚዜን ቁልፍ እስከ አንገቴ ቆልፌ እንጂ አላወለቅሁም። መንዝ ላይ ለዚህ ምክንያት መፈለግ አያስቸግርም፤ ብርዱ ራሱ ያስቆልፋል።

ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወደ ዘመሮ፣ ከዘመሮም ወዲያ በበቅሎ። ክሊኒኳ ከአንድ ጉብታ ላይ የተቀመጠች፣ ሁለት ክፍል ያላት የቆርቆሮ ቤት ነበረች። በነጋታው ጠዋት በሩን ስከፍት ሜዳው በሙሉ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ጨው የፈሰሰ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት፤ ውርጭ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ከጓሳው ሣር ጫፍ ላይ አንድ በአንድ እየቀለጠ ሲያብረቀርቅ፣ አፌን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ። ጎሬ ላይ ሰማይ የሚታየው በቅጠል መሐል ነው። እዚህ ደግሞ ሌላ ምንም የለም፤ ሰማይና አንቺ ብቻ። «ጌታ ሆይ፣ ይኸን ሁሉ ለማን አሳየኸው ነበር?» አልሁ።

ከኋላዬ፣ «ለበጎቹ» የሚል ድምፅ መጣ።

ዘወር ስል አንዲት ቀጭን፣ ረጅም ሴት ሁለት እጆቻቸውን ብብታቸው ውስጥ ወትፈው ቆመዋል። ሲስተር ወይንሸት እሳቸው ነበሩ። እጃቸውን ለሰላምታ አልሰጡኝም። የተቆጡ መሰለኝ። በኋላ እንደገባኝ እጃቸውን እያሞቁ ነበር፤ በዚያ ብርድ የሴት ጡትና የሕፃን ሆድ በቀዝቃዛ እጅ አይነካም ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ተረኛ በሽተኛ ሲገባ እጃቸው ብብታቸው ውስጥ ነው። የሰፈሩ ሰው «ያቺ እጇን ታቅፋ የምትሄደው ሲስተር» ይላቸው ነበር።

የሥራ ልማዳቸውን ልናገር። ያኔ መርፌ እየተቀቀለ ተመልሶ የሚወጋበት ዘመን ነው። ፕሪሙሱ ላይ ቀቅለው ሲያወጡት እያንዳንዱን መርፌ በጥጥ ላይ ሳብ ያደርጉታል፤ ጥጥ ከያዘ ጫፉ ታጥፏል ማለት ነው፣ በለስላሳ ድንጋይ ይስሉታል። «ሰው ሥጋ ውስጥ ሜንጦ አይገባም» ይላሉ። እናት ልጇን ታቅፋ ስትመጣ ከእናቲቱ በፊት ልጁን ያያሉ። አጥቢ ይሏትና ጆሯቸውን ወደ ልጁ ጉሮሮ ያስጠጋሉ። «ስሚ» አሉኝ አንድ ቀን። «ዝም ብሎ መምጠጥ ሌላ ነው፣ መዋጥ ሌላ ነው። ሲውጥ ጉሮሮው ጠብ ይላል።» ጆሮዬን አስጠጋሁ። ትንሽ፣ ለስላሳ ድምፅ ናት፤ ከእንስራ ውስጥ ጠብ የምትል ውኃ ትመስላለች። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሰምቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ስሰማት ጠጉሬ ይቆማል።

ሌላው ልማዳቸው ቀይ ክር ነው። ከመድኃኒት ሣጥኑ ውስጥ ለምታጠባ እናት እንዲሁ የማይሰጡ ጠርሙሶች አንገት ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። ቴትራሳይክሊን ክር አለው። ክሎራምፌኒኮል ክር አለው። ሰልፋ አዲስ ለተወለደ፣ በተለይ ዓይኑ ቢጫ ለሆነ ልጅ እናት ክር አለው። ፔኒሲሊን ግን ባዶ አንገቱን ነው። አንድ ቀን ከአውራጃው ለጉብኝት የመጣ ካድሬ ሣጥኑን ከፍቶ አይቶ፣ «ጓድ ወይንሸት፣ ጠርሙሱንም ክርስትና አነሣሽው እንዴ?» አላቸው። እኔ የሸሚዜን ቁልፍ ጨበጥሁ። እሳቸው ሳይደነግጡ፣ «አዎን ጓድ፤ ያልተነሡትን ነው እንደ ልቤ የማድለው» አሉት። ሳቀና ዘጋው።

ነገሩን በደንብ ያስረዱኝ በመጀመሪያው ወር ነው። «ፔኒሲሊን ወተት ውስጥ አይገባም አልልሽም» አሉኝ። «ይገባል። ግን በጣም ጥቂት ነው፣ እንስራ ሙሉ ውኃ ውስጥ እንደ ገባች የጨው ቅንጣት። የልጁ ሆድ ትንሽ ሊላላ ይችላል። ምላሱ ላይ ነጭ ነገር ሊወጣበት ይችላል። ሽፍታ ካየሽበት ቶሎ አምጪው በያት። ይኸ ሁሉ ይታያል፣ ይታከማል። ከጡት የተነጠለ ሕፃን ግን በዚህ አገር በምን ይታከማል?»

በምንም እንደማይታከም ያየሁት ብዙም ሳልቆይ ነው።

በለጡ ከክሊኒካችን በታች ካለው መንደር የተዳረች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የማትናገር ልጅ ነበረች። የበኩር ወንድ ልጇን ገና ክርስትና ሳታስነሣ ግራ ጡቷ ቀላ፣ ጋለ፣ ጠጠረ። ሲስተር እጃቸውን አሙቀው ዳሰሷት፣ ፔኒሲሊን ወጓትና ነገሯት፦ በየቀኑ ነይ፤ ልጁን ከጡት እንዳታርቂው፤ እንዲያውም ከሚያምሽ ጀምሪለት፣ ወተቱ ሲወጣ እብጠቱ ይቀልላል። በለጡ ለያንዳንዱ ቃል «እሺ» አለች። እሺ፣ እሺ፣ እሺ። አማቷ እማማ ይርገዱ ውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቁ፣ በእንዝርት የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። ምራታቸው ስትወጣ ተነሥተው ይዘዋት ሄዱ።

በነጋታው አልመጣችም። በሠልስቱም። ስትመጣ ልጁን እማማ ይርገዱ ነበሩ ያቀፉት፤ በባናቸው፣ በዚያ ወፍራም የበግ ጠጉር ልብሳቸው፣ ጠቅልለውት። ሲገልጡት ዓይኑ ጎድጉዶ፣ እርግብግቢቱ ገብታ፣ ከንፈሩ ደርቆ አየነው።

«ምን ሰጣችሁት?» አሉ ሲስተር።

እማማ ይርገዱ ምንም የሚደብቁት አልነበራቸውም። «መልካሙን ሁሉ!» አሉ። «የላም ወተት በውኃ አቅጥኜ፣ የአብሽ ውኃ ጨምሬ። ከመርፌው ወዲህ ጡቷን አሰርሁት። ይቺ ሞኝ ግን አንድ ማታ ከጓሮ ተደብቃ ስታጠባው ያዝኋት! ከዚያች ከሰረቀችው ጠብታ ወዲህ ነው ሆዱ አልቆም ያለ።»

«ጡቷን ለምን አሰሩት?»

«ለምን ትይኛለሽ? ኮሶ የጠጣች ሴት ታጠባለች እንዴ?»

ይኸን የምለው የሰው አገር አንባቢ እንዲገባው ነው። መንዝ ላይ ኮሶ ለሆድ ትል የሚጠጣ መራራ መድኃኒት ነው፤ የጠጣ ሰው ያን ቀን ቤቱን ዘግቶ፣ ከሰው ተለይቶ ይውላል፤ ሆዱን ጠርጎ ያወጣዋልና። የምታጠባ ሴት ከጠጣች ልጇን ትከለክላለች። ለኮሶ ልክ ነው፤ ጥንቃቄ ነው። እማማ ይርገዱ ቸልተኛ ሴት አልነበሩም። እናቶቻቸው ያስተማሯቸውን ጥንቃቄ ለአዲሱ መድኃኒትም አደረጉት፣ ያውም ከልብ።

ስኳርና ጨው በፈላ ውኃ በጥብጠን በማንኪያ ስንግተው ዋልን። ሲስተር ማንኪያውን ይዘው፣ እኔ ራሱን ደግፌ፣ በለጡ እግሩን ይዛ። አልተረፈም። ክርስትና ስላልተነሣ የተቀበረው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው። እማማ ይርገዱ ሬሳውን ሲቀበሉን፣ «መርፌያችሁን አየሁት» ብቻ አሉ። ወደ ክሊኒካችን ድርሽ ሳይሉ ከረሙ።

ሲስተር ያን ቀን ከደረጃው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሳያስገቡ ቆዩ። ቀዝቅዞ ሲጠቁር አየሁት። በመጨረሻ፣ «ለበለጡ ነገርኋት፤ ለበለጡ ቤት አልነገርሁም» አሉኝ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የምታጠባ ሴት መድኃኒት ልትወስድ ከተቀመጠች ቃሉ አንድ ነው፦ «ዘነበች፣ አማቷን ጥሪልኝ።» አማት ከሌለች እናቷን፣ እናቷ ከሌለች ጎረቤቷን። አማቲቱም ገብታ ትቀመጣለች፤ ሲስተር ለእሷ ይነግራሉ፣ ምራቲቱ ትሰማለች። አንዳንዷ፣ «እኔን ምን አገባኝ? ጡቱ የእሷ» ትላለች። ሲስተር፣ «ቤቱስ የማን ነው?» ይላሉ።

እንዲህ ስንሠራ ሁለት ክረምት አለፈ። እኔም በዚያው አንድ የነቀምቴ ልጅ፣ መምህር፣ አግብቼ ወንድ ልጅ ወለድሁ። ወፍራም ነበር፤ አዝዬው ስሠራ ወገቤን ይሰብረው ነበር። እሱን ሳጠባ ነው ጥርሴ መግል የያዘብኝ። ጉንጬ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ፤ ትኩሳት መጣ። ሲስተር አዩና ፔኒሲሊን ቀዱ።

«ተቀመጪ። አማትሽ ነቀምቴ ናት፤ እንግዲህ ዛሬ አማትሽ እኔ ነኝ» አሉኝ።

«ታዲያ ጉልበትዎን ልሳም?»

«ጉልበቴን ተዪውና ስሚ» ብለው ያንኑ ሁሉ፣ ለስንት ሴት አብሬያቸው የነገርሁትን፣ ለእኔም ከሀ እስከ ፐ ነገሩኝ። የሚያስቅ ነገር ነው። ግን ያን ቀን ልጄን ጡቴ ላይ ከማስጠጋቴ በፊት የጠርሙሱን አንገት፣ ክር እንደሌለው፣ ዳግመኛ አየሁ። ማወቅ ሌላ፣ የራስን ልጅ ማስጠጋት ሌላ። በስመ አብ ብዬ አጠባሁት። ጆሮዬን ወደ ጉሮሮው አዘነበልሁ፤ ያቺ ድምፅ ጠብ፣ ጠብ አለች። ሰውነቴ በትኩሳት ይነዳል፤ አጥንቴ ይቆረጥማል፤ ወተቱ ግን እንደ ወትሮው ይፈሳል፣ ልጁም እንደ ወትሮው እያላበው ይውጣል። የታመመ ቤት ውስጥ ያልታመመ ጓዳ እንዳለ ገባኝ። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ማን ሠራው ብዬ አልጠየቅሁም፤ አውቀዋለሁ። ዝም ብዬ አለቀስሁ።

ትኩሳቱ ለቆኝ መርፌው ሳያልቅልኝ፣ አንድ ጠዋት ከታች ከመንደሩ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ሲወጡ አየን። ቃሬዛው ላይ በለጡ ናት። ባሏና ጎረቤቶቹ ተሸክመዋታል። ሁለተኛ ልጅ ወልዳለች፣ ሴት፤ እሷም ገና ክርስትና አልተነሣችም። ቀኝ ጡቷ እንደ ቅል አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ውስጡ መግል ይዟል። ትኩሳቱ እያስቃዣት ነው። እማማ ይርገዱ ከኋላ፣ ሕፃኗን ባናቸው ውስጥ ደብቀው፣ ከአጥሩ በር ላይ ቆሙ።

ሲስተር ቢላቸውንና ጥጣቸውን እያሰናዱ፣ «ዘነበች፣ አማቷን ጥሪልኝ» አሉ።

ወጥቼ ጠራኋቸው። «አልገባም» አሉ። «ይኸን ደጅ የረገጥሁት ልጄ እግሬ ላይ ወድቆ ስለ ለመነኝ ነው። እሷን አድኗት፤ ይቺን ግን አልሰጥም።»

ሲስተር ራሳቸው ወጡ። «እማማ፣ መግሉን በጥቼ አወጣለሁ፣ ፔኒሲሊንም እወጋታለሁ። ሕፃኗ ደህናውን ጡት ትጥባ። የታመመውንም ሕመሙ ጋብ ሲልላት እያለብን ወደ ማጥባቱ እንመልሰዋለን።»

«ወይ መርፌውን ወይ ጡቱን! ሁለቱን አንድ ላይ በወንዱ አይቻለሁ።»

«ይኸ ኮሶ አይደለም እማማ።»

«አይመርምና ነው?»

«ይመራል።»

«ታዲያ!»

ባልየው ቃሬዛውን አስቀምጦ፣ «እማዬ፣ በማርያም ይዤሻለሁ—» ሲል፣ «አንተ ዝም በል! ያንተ ወተት የት አለ?» ብለው አፉን አስያዙት። ሲስተር ወደ በለጡ ማየት ነበረባቸው፤ ትኩሳቱ ጊዜ አይሰጥም። ገቡ።

እኔ ውጭ ቀረሁ፤ እማማ ይርገዱ የቀረበላቸውን ውኃ እንኳን እንዲቀበሉ ልለምን ነበር። ሕፃኗ አለቀሰች። የራብ ልቅሶ ነው፤ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ይለምናል፣ ቀጥሎ ይደክማል። ይቺ ወደ መድከሙ ደርሳለች። ድምፅዋን ስሰማ፣ እኔ ሳላስበው፣ ወተቴ ወርዶ የቀሚሴን ደረት አረጠበው። ለሌላ ሰው ልጅ ልቅሶ! እማማ ይርገዱ እርጥቡን አዩ። አይተው ፊታቸው ተለወጠ።

«አንቺ የጎሬዋ» አሉኝ፤ ስሜን አያውቁም። «ታጠቢያለሽ አይደል? ያ የጀርባሽ ልጅ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው እማማ።»

«እንግዲያ ይቺን አጥቢልኝ። ስለ እመቤቴ! የጡት እናት ሁኛት፣ ቤቴ ቤትሽ ይሁን። ሳትጠመቅ አትሙትብኝ። ያኛውን ከቅጥር ውጭ ጥዬዋለሁ፤ ይቺን አልጥልም።» ባናቸውን ገልጠው ሕፃኗን ወደ እኔ ዘረጉ።

እጄ ሄዷል። ሕፃኗ አፏን እንደ ጫጩት ከፍታለች፤ ወተቴ ቀድሟት ወርዷል። ዝም ብዬ ባጠባት ትጠግባለች። ከሲስተርና ከእኔ በቀር መርፌ መውሰዴን የሚያውቅ የለም፤ ጉንጬም ጎድሏል። ግን ለዛሬ ብትጠግብ፣ ነገስ? የእናቷ ወተት ይደርቃል። እኚህም አያት ወተቴን ንጹሕ ነው ብለው ነው ሕፃኗን የሰጡኝ። ያመነሽ ሰው አምኖ በሰጠሽ ነገር ላይ ዝም ማለት መዋሸት ነው። ይኸ ሁሉ ሐሳብ በአንድ ትንፋሽ ነው የመጣው።

«እማማ» አልሁ፣ «አጠባታለሁ። ግን ልንገርዎ። እኔም መርፌ ላይ ነኝ። በለጡ የምትወጋውን ራሱን፤ ትናንትም ተወግቻለሁ።»

ሕፃኗን መልሰው ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። የተመታሁ ያህል ደነገጥሁ። አበቃ፣ አጠፋሁት አልሁ። እሳቸው ግን አልሄዱም። ከጀርባዬ ብቅ ያለውን የልጄን ራስ ያዩ ነበር።

«አውርጂው» አሉኝ።

አወረድሁት። ሕፃኗን በአንድ ክንዳቸው እንደ ያዙ፣ በሌላው እጃቸው ልጄን መረመሩት። እንዴት እንደ መረመሩት ልንገራችሁ? ዘመሮ ገበያ ላይ በግ የሚገዛ ሰው እንደሚመረምር ነው። ሽንጡን ዳበሱ። ጭኑን ጨበጡ። ከንፈሩን በአውራ ጣታቸው ገልጠው ምላሱን አዩ። ልጄም እንደ በጉ ሳይንፈራገጥ ተዳበሰላቸው።

«ከመርፌው ወዲህ ጠብቷል?»

«አንድም ቀን አልከለከልሁትም። ዛሬ ጠዋትም ጠብቷል።»

«ሆዱስ?»

«አንድ ቀን ላላ ብሎ ነበር። አሁን ደህና ነው።»

«እንቅልፉስ?»

«ይተኛል። እኔን ነው እንጂ የማያስተኛኝ።»

ዳግመኛ ሽንጡን ዳበሱ። «ይኸማ ሸክም ነው እንጂ በሽተኛ አይደለም» አሉ፣ ለራሳቸው። ወደ ክሊኒኳ በር አዩ። ከዚያ ባናቸውን ሰብስበው፣ ሁለት ክረምት ያልረገጡትን ደፍ ተራምደው ገቡ።

ሲስተር መግሉን አውጥተው ቁስሉን በንጹሕ ፋሻ እያሰሩት ነበር። ቀና ብለው አዩ፤ እጃቸውን ታጥበው ብብታቸው ውስጥ አስገቡ። እማማ ይርገዱ ሕፃኗን ከበለጡ ግራ ጎን አስተኙ። በለጡ በትኩሳት ውስጥ ሆና አማቷን አየች፤ ፈራች። «አጥቢ» አሏት። «እኔ ነኝ ያልሁሽ። አጥቢ!»

ሕፃኗ ያዘች። መጀመሪያ መምጠጥ ብቻ ነበር። ሲስተር ጎንበስ አሉና ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ እማማ ይርገዱን በእጅ ምልክት ጠሩ። አሮጊቷ ጎንበስ አሉ። ያቺ ድምፅ ጠብ አለች። እንደገና። እንደገና። የእማማ ይርገዱ ፊት እንዴት እንደ በራ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ነው፤ ውርጩ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ያየሁት ብርሃን ነበር።

ግን ብርሃኑ አልቆየም። ቀስ ብሎ ከፊታቸው ሲወርድ አየሁት። ቀና አሉ፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ወጡ። ሲስተር ተከተሏቸው፤ እኔ ልጄን ይዤ ከበሩ ላይ ቀረሁ። እማማ ይርገዱ ያኔ ጠጉር ሲፈትሉ ከነበሩበት ግድግዳ ሥር ቁጭ አሉ።

«የእናት ወተት ደህና ከሆነ» አሉና አቋረጡ። «ጡቷ ያበጠች በግ ግልገሏን አንከለክልም። አልጠባም ቢል እንኳ በግድ አስይዘዋለሁ፤ አለዚያ ጡቷ ይሞታል፣ ግልገሉም ይሞታል። ይኸን እያወቅሁ! ያቺን የሰረቀችውን ጠብታ ነበር የከሰስሁት። ወንዱን ያጠፋሁት እኔ ነኛ።»

ሲስተር ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አላባበሏቸውም፤ አይደለም አላሏቸውም። «እርስዎ እዚሁ ተቀምጠው ነበር» አሉ። «ድምፄን ከፍ ባደርግ ይሰሙኝ ነበር። ለልጅቷ ብቻ ነግሬ የሰደድሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺማ የሰው አገር ልጅ ነሽ። የእኛን ኮሶ ምን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም ነበር። አልጠየቅሁዎትም።»

ከውስጥ የበለጡ ድምፅ ይሰማል፤ ለሕፃኗ እሹሩሩ ትላለች። እማማ ይርገዱ ከባናቸው ላይ አንዲት የጠጉር ዘለላ ነቅለው በጣቶቻቸው መሐል አከረሩ።

«ይኸ ለአንድ ሰው ይከብዳል» አሉ።

«ይከብዳል» አሉ ሲስተር።

«እንግዲያስ እንካፈለው።»

ሲስተር ወይንሸት ያን ጊዜ ነው እጃቸውን ከብብታቸው አውጥተው የእማማ ይርገዱን እጅ የያዙት። የሞቀ እጅ ነበር።

ሕፃኗ ክርስትና ስትነሣ የክርስትና እናቷ እኔ ነበርሁ። ካህኑ ማተብ ሲያስሩላት እኔም የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ፤ ከዚያ በኋላ አልቆለፍሁትም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ጎሬ ላለችው እናቴ ልጅ አገኘሁ ብዬ ጻፍሁ፤ አማትም አገኘሁ አልሁ። ለነቀምቴዋ አማቴ ግን እንዳይከፋቸው ብዬ ይቺን አልጻፍሁላቸውም።

ከዚያ ወዲህ በየክሊኒክ ቀኑ እማማ ይርገዱ እንዝርታቸውን ይዘው ይወጡና ከዚያ ግድግዳ ሥር ይቀመጣሉ። ማንም ውጡ አላላቸውም። እኔ ከውስጥ የሲስተርን ቃል ይዤ፣ «የእገሊት አማት!» ብዬ ብቅ ስል፣ አንዳንዷ አማት ራሷን ትነቀንቃለች፤ እግሬን አሞኛል ትላለች፤ በጎቼ ብቻቸውን ናቸው ትላለች። ያኔ ከግድግዳው ሥር ድምፅ ይመጣል፣ እንዝርቱ ሳይቆም፦

«እኔን የጠራኝ አልነበረም። አንቺ ተጠርተሻል፤ ግቢ!»